ኮሮና የመጣው ወባ ወዳለበት ቤት ነው

ስለ ኮቪድ-19 ወረርሽኝ የተጻፉ ብዙ ጽሑፎች አገሮችን የሚያነጻጽሩት በሆስፒታል አልጋ፣ በመተንፈሻ መሣሪያ፣ በሐኪም ብዛትና በመንግሥት ቆራጥነት ነው። እኔ በዚያን ጊዜ በምዕራብ ጎጃም በአንድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት በበሽታ ቅኝት ሥራ ላይ ስለነበርሁ ነገሩን ያየሁት ከሌላ በኩል ነው። አንድ አገር ለአዲስ ወረርሽኝ የሚሰጠው ምላሽ በአብዛኛው የሚቀረጸው ወረርሽኙ ከመግባቱ በፊት ከቆዩት በሽታዎች ጋር ሲታገል ባዳበረው ልማድ እንደሆነ አምናለሁ። ወባን፣ ሳንባ ነቀርሳን፣ ኤችአይቪንና ትራኮማን ስንከላከል የኖርንባቸው ሰዎች፣ መዝገቦችና የአሠራር ልማዶች ኮሮናንም ተቀበሉት፤ በአንዳንዱ ቦታ በጣም ጠቀሙን፣ በሌላው ቦታ ደግሞ አሳሳቱን።

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየኝ በትኩሳት ጉዳይ ነው። የጎጃምን ቆላና ወይና ደጋ የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው፣ ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየረባዳው ሲቋጥር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ትኩሳት የያዘው ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በወባ ነው፤ በሚያዝያና በግንቦትም ከበልግ ዝናብ ጋር አነስ ያለ ሁለተኛ ወቅት አለው። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው የተመደቡት ሠራተኞች ለእናቶችና ለአባወራዎች ሳይሰለቹ ካስተማሯቸው ነገሮች አንዱ፣ ትኩሳት የጀመረው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ኬላ መምጣት እንዳለበት ነው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ሕፃን ልጅን በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት ሊያደርስ ስለሚችል፣ ይህ ትምህርት የብዙ ልጆችን ሕይወት አትርፏል። ሕዝቡም ትምህርቱን ለመቀበል ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ትኩሳትን በምች እያመካኙ ዳማከሴ ጨምቆ ማጠጣትና ጠበል ወስዶ ማሰንበት የተለመደ ነበርና።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር የመጣው መልእክት ይህን ሁሉ የሚገለብጥ ሆነ። ትኩሳትና ሳል ያለበት ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ፣ ወደ ጤና ተቋም እንዳይሄድ፣ ይልቁንም 8335 ደውሎ እንዲያሳውቅ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በስልክ ጥሪ ማሳመሪያ ሳይቀር ይነገር ጀመር። መልእክቱ ወባ ለሌለበት አገር፣ ስልክና አምቡላንስ በቅርብ ለሚገኝበት ከተማ የታሰበ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ለክትትል በሄድሁበት አንድ ጤና ኬላ ደጃፍ ላይ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከብርዱ የተነሣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ሲሞግቷት ደረስሁ።

“ልጄ፣ ትኩሳት ሲጀምርህ ሳታድር ና ያልሽኝ አንቺው ነሽ። አሁን ሬዲዮኑ ቤትህ ተኛ ይለኛል። የማንን ቃል ልስማ?”

“የእኔን ይስሙ፣ አባቴ። መምጣቱን ይምጡ፤ ግን ከበሩ አይግቡብኝ። እዚያ ከግራሩ ሥር አረፍ ይበሉ፣ እኔ ወደ እርስዎ እመጣለሁ።”

ጓንቷን አጥልቃ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ የወባውን ፈጣን መመርመሪያ በእጇ ይዛ ወጣችና ጣታቸውን ወግታ ደሙን በመመርመሪያው ላይ አሳረፈች፤ ከዚያም ራቅ ብላ ቆማ ውጤቱን ጠበቀች። ወባ ነበር። ኮአርተም የተባለውን የወባ መድኃኒት ከነአወሳሰዱ ነግራ ሰጠቻቸውና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሁለቱን ትእዛዞች እንዲህ አስታርቃ የሠራችው ከራሷ አእምሮ አፍልቃ ነው፤ የወባ ሕክምና በኮሮና ጊዜ እንዴት ይቀጥል የሚለው መመሪያ ወደ እኛ ወረዳ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነውና። ይዘቱንም ስናነበው እርሷ ከግራሩ ሥር ስታደርገው ከነበረው እጅግም የራቀ አልነበረም።

ይህ የወባ ሥርዓት የተገኘው ከብዙ መከራ በኋላ ነው። በ1950 ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መግቢያ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን የሚያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 የሚያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የራሱ ሠራተኛ፣ የራሱ መኪናና የራሱ በጀት ያለው የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ቤት ለቤት እየዞረም ዲዲቲ ይረጭ ነበር። የድርጅቱ ሥራ በኋላ ከመደበኛው የጤና አገልግሎት ጋር ሲዋሐድ ቤት ለቤት የመዞሩ፣ አባወራ የመቁጠሩና ቀበሌን በጎጥ ከፋፍሎ የመሸፈኑ ልማድ ግን አልጠፋም። በ2012 የጸደይ ወራት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር የመጡ እንግዶችን በየቤቱ እንዲመዘግቡ ሲታዘዙ፣ በየትኛው ቤት ማን እንዳለ፣ የማን ልጅ ለቀን ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ እንደወረደ፣ የማን ልጅ ከዓረብ አገር እንደተመለሰች አስቀድመው ያውቁ ነበር። ይህን እውቀት በአንድ ወር ሥልጠና ማግኘት የሚቻል አይመስለኝም።

ሌላው ከወባ የወረስነው ነገር የሳምንቱ ሪፖርት ነው። ከሰኞ እስከ እሑድ ያለው ሳምንት ሲዘጋ ጤና ኬላው ለጤና ጣቢያው፣ ጤና ጣቢያው ለወረዳው፣ ወረዳው ለዞኑ የወባን፣ የተስቦን፣ የግርሻ ትኩሳትን፣ የማጅራት ገትርንና የሌሎችንም በሽታዎች ቁጥር ያስተላልፋል። በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የወባ ሰንጠረዥ አለ፤ ባለፉት አምስት ዓመታት በዚያው ሳምንት ከተመዘገበው ቁጥር የወጣ የማስጠንቀቂያ መስመር ተሰምሮበታል። የዘንድሮው መስመር ያንን ካለፈ ወረርሽኝ አለ ተብሎ ይጠረጠርና ሥራ ይጀመራል። ለእኔ ከሁሉ የበለጠ መሣሪያ ይህ ወረቀት ነው፤ ማብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ባይኖር ይነበባል። ኮሮና ሲመጣ ለእርሱም በዚሁ መንገድ ዕለታዊ ሪፖርት ተጨመረ፤ ተቀባዩም ላኪውም ቀድሞ የሚተዋወቅ ሰው ስለነበር ሪፖርቱ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መፍሰስ ቻለ።

እዚህ ላይ ግን የወባ ልማድ ያሳሳተንን ልናገር። ዓይናችን ትኩሳትን ለማየት የሠለጠነ ስለነበር ኮሮናንም በትኩሳት ልንይዘው ሞከርን። በየከተማው መግቢያ፣ በየመሥሪያ ቤቱ በርና በየባንኩ ግንባር ላይ የሚደገን የሙቀት መለኪያ ተያዘ። ኮሮና የያዘው ብዙ ሰው ትኩሳት ሳያሳይ እንደሚያስተላልፍ እየታወቀ መለኪያው የሚይዘው ትኩሳት ያለውን ብቻ ነው፤ ትኩሳት ካለው ሰው መካከል ደግሞ በእኛ አገር ስንቱ የወባ፣ ስንቱ የታይፎይድ፣ ስንቱ የተስቦ እንደሆነ መለኪያው አይናገርም። የዓባይን በረሃ በተዘጋ አውቶቡስ አቋርጦ ደጀን የወጣ መንገደኛ ግንባር ቀትር ላይ ስንት ሊያነብብ እንደሚችል ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ከትኩሳቱም የባሰው ስሕተት የሥራችን መሣሪያዎች በሙሉ ሰው የሚሰበስቡ መሆናቸው ነበር። የአጎበር ዕደላ ሕዝቡን በቀበሌ ሜዳ ሰብስቦ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በምዕራብ አማራ ማልትራ እየተባለ ሲካሄድ በኖረው የወባና የትራኮማ ሳምንት በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በሰልፍ ቆሞ የትራኮማ መድኃኒት ይውጥ፣ ትኩሳት ያለበትም እዚያው የወባ ምርመራ ያገኝ ነበር። ለጎጃም ይህ ዘመቻ ትልቅ ባለውለታ ነው፤ ዓይናቸው ከመጥፋት የዳነ ሰዎችን አውቃለሁ። ዳሩ ግን ወባም ትራኮማም ሰው ተሰብስቦ በመቆሙ የሚባባሱ በሽታዎች አይደሉም፤ ስለዚህ ሕዝብን መበተን የሚባል ሥራ በእጃችን አልነበረም። በግርግር ሕዝብን ስለ ርቀት መጠበቅ ለማስተማር ስብሰባ የጠራ ቀበሌ እንደነበር ብናገር ማንንም ለማሳጣት አይደለም፤ ከዚያ ሌላ የማስተማሪያ መንገድ አናውቅም ነበርና። በመጋቢት 2012 መጨረሻ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ቲሊሊ ለ14 ቀናት እንዲዘጉ ሲወሰን፣ መንገድ ዳር ባሉት በእነዚያ ከተሞች ገበያ ማቆም፣ ለቅሶ መከልከል፣ ማኅበርና ሰንበቴ ማስተው ምን ማለት እንደሆነ ከተማውም ባለሥልጣኑም የተማሩት ያኔ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ምክር የትራኮማው ጅምላ መድኃኒት ዕደላም ለጊዜው እንዲቆም ተደረገ።

በአንጻሩ ከትራኮማ ያገኘነው አንድ ነገር ምንም ሳይለወጥ ጠቅሞናል፤ እርሱም ውኃና ንጽሕና ነው። ፊትን መታጠብና መጸዳጃ ቤት መሥራት የትራኮማ መከላከያ ክፍል ስለሆኑ በጎጃም ገጠር ለረጅም ጊዜ ተሰብኳል። በምሥራቅ ጎጃም ሁለት እጁ እነሴ ወረዳ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሕዝቡ በራሱ ጉልበትና በአካባቢው በሚገኝ ቁሳቁስ በብዛት የሠራቸው መጸዳጃ ቤቶች በጥናት ሳይቀር ተጽፈዋል። ቀዳዳ ጀሪካን በበር ላይ ተሰቅሎ እጅ የሚታጠቡበት ዘዴ ኮሮና ሲመጣ ለብዙ ቤት አዲስ ነገር አልነበረም። የጎደለው ሳሙናና ውኃው ነበር፤ እርሱን ደግሞ ትምህርት አይተካውም።

ስለ ቤተ ሙከራ ብዙ ሰው የማያስተውለው ታሪክ አለ። በጥር 2012 በኢትዮጵያ የተጠረጠሩ ሰዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ እየተላከ ነበር የሚመረመረው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ምርመራውን ራሱ ጀመረ፤ ከዚያም ባሕር ዳርን ጨምሮ በክልሎች ተስፋፋ። ይህ ፍጥነት ከየት መጣ ቢባል ዋናው መልስ ኤችአይቪ ነው። በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን ለመለካት የተገዙት የፒሲአር መሣሪያዎች፣ እነርሱን የሚያንቀሳቅሱት ባለሙያዎች፣ የናሙና ማቀዝቀዣውና ናሙናን በፖስታ ቤት ከጤና ጣቢያ ወደ ቤተ ሙከራ የማድረሱ ልምድ ሁሉ ቀድሞ ለኤችአይቪና ለሳንባ ነቀርሳ የተዘረጋ ነበር። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የሚውለው ጂን ኤክስፐርትም በመጋቢት 2012 ለኮሮና የሚሆን ካርትሪጅ ተሠርቶለታል። ነገር ግን አንድ መሣሪያ በአንድ ሰዓት የሚመረምረው ናሙና የተወሰነ ነው፤ ለአዲሱ በሽታ ሲሰጥ የአሮጌው ወረፋ ይረዝማል። ኤችአይቪ ያወረሰን ሌላ መልካም ነገርም አለ፦ ኮሮና ከመምጣቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጤንነታቸው የተረጋጋ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ወስደው እንዲሄዱ ተፈቅዶ ስለነበር፣ መንገዱ ሲዘጋ ብዙዎቹ መድኃኒታቸው በቤታቸው ነበር።

ከኤችአይቪ የወረስነው ግን መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ፍርሃቱንም ወርሰናል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም ከተሞች በበሽታው የተጠረጠረ ሰው ዕቃው የሚለይበትን፣ ጎረቤት ቡና የማይጠጣበትን ዘመን ያየ ሰው በ2012 ያንኑ ነገር መልኩን ቀይሮ አየው። ከአዲስ አበባ የተመለሰ ተማሪ በሌሊት ወደ ቤቱ ገብቶ ቤተሰቡ ሲደብቀው፣ ለይቶ ማቆያ የገባ ሰው ከወጣ በኋላ ሱቁ ገዢ ሲያጣ ተመልክቻለሁ። መፍትሔውም ከዚያው ዘመን የተገኘ ነው፤ ማግለልን ለመቀነስ በኤችአይቪ ጊዜ እድሮችንና የንስሐ አባቶችን ማስተባበር የለመዱ የቀበሌ ሰዎች በኮሮናም ጊዜ ከፖሊስ ይልቅ ወደ እነርሱ ሄዱ። ምክራቸውን የሰማ ቀበሌ እንግዳውን አስመዘገበ፤ በፖሊስ የተፈለገበት ቀበሌ ግን ደበቀ።

መድኃኒትን በተመለከተ የቆየው በሽታ በአዲሱ ላይ ያሳረፈው ጥላ በመላው አፍሪካ የታየ ነው። ክሎሮኪን የወባ መድኃኒት ስለሆነ፣ የኮሮና ፈውስ ነው የሚለው ወሬ ከአሜሪካ ሲነሣ ናይጄሪያ ውስጥ ያለ ትእዛዝ ወስደው የተመረዙ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ። የያኔው የማዳጋስካር ፕሬዚዳንት በሚያዝያ 2012 ለኮሮና ይሆናል ብለው በይፋ ያስተዋወቁት መጠጥ የተሠራውም ለወባ መድኃኒት ከሚውለው የአርጤሚስያ ተክል ነበር። በእኛ አገር ክሎሮኪን ቫይቫክስ ለተባለው የወባ ዓይነት አሁንም የሚታዘዝ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ወሬ መድኃኒቱን ከሚያስፈልገው ታማሚ እጅ ሊያወጣ ይችል ነበር። ብዙው ሰው ግን ወደ ፌጦ፣ ወደ ነጭ ሽንኩርትና ወደ ዝንጅብል ነው የሮጠው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ካህናት እጣን ሲያጥኑ የተመለከተ ሰውም በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለውን የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ሳያስታውስ አይቀርም፤ ያ ወረርሽኝ ካለፈ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ እየሰበሰብን እናጥናለን።

የሌሎች አገሮችም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ደቡብ ኮሪያ በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ መርስ የተባለው በሽታ 38 ሰዎች ከገደለባት በኋላ የምርመራ ፈቃድ ሕጓን ስላሻሻለች ኮሮና ሲመጣ ከብዙ አገር ቀድማ በስፋት መረመረች። ናይጄሪያ ለፖሊዮ ያቋቋመችውን የአስቸኳይ ጊዜ ማዕከል አሠራር በ2006 በሌጎስ ኢቦላን ለማቆም ተጠቅማበት ነበር። ቤኒን ደግሞ የአጎበር ዕደላዋን ሳታቋርጥ ቤት ለቤት አድርጋ በሚያዝያ 2012 አከናወነች፤ እኔ ከሁሉ የምቀናው በዚህ ነው፤ አዲሱን በሽታ ፈርቶ አሮጌውን ያልተወ አገር ነውና።

አሮጌውን የተወ ምን እንደከፈለ በቁጥር የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደዘገበው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ በወባ የሞተው ሰው 627,000 ሲሆን፣ ይህ ከቀደመው ዓመት በ69,000 ይበልጣል፤ ከጭማሪው ውስጥ 47,000 የሚሆነው በኮሮና ምክንያት አገልግሎት በመስተጓጎሉ የመጣ ነው። በሳንባ ነቀርሳ ተይዘው የተመዘገቡ አዲስ ታማሚዎች ከ7.1 ሚሊዮን ወደ 5.8 ሚሊዮን ወርደዋል፤ በሽታው ስለቀነሰ ሳይሆን የሚያስል ሰው ሐኪም ቤት መሄድ ስለፈራ ወይም ሄዶ ስላልተመረመረ ነው። በወረዳችን ይህንን በዓይናችን አይተናል፤ የሳንባ ነቀርሳ መዝገብ በዚያ ክረምት የሳሳው ሳል የሚለው ቃል ብቻውን ሰውን ከጤና ጣቢያ ስላራቀው ነው።

ከዚያ ወዲህ ወባ በአገር ደረጃ እንደገና አንሰራርቷል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚና 1,157 ሞት ተመዝግቧል፤ ከክልሎች ብዙውን ድርሻ ከያዙት አንዱ አማራ ነው። ይህን ሁሉ በኮሮና ላይ ማላከክ ትክክል አይደለም። ከ2015 ነሐሴ ጀምሮ በክልሉ ያለው ጦርነት፣ አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የተባለችው በከተማ የምትራባ ትንኝ መግባቷ፣ በፈጣን መመርመሪያ የማይያዝ የወባ ተሕዋስ መገኘቱና የአየር ጠባዩ መለዋወጥ ሁሉ እጃቸው አለበት። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ የእርዳታ ገንዘብ ሲቆም በእርሱ የሚከፈላቸው 5,000 የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ግንቦት ኤምፖክስ የተባለው በሽታ በሞያሌ፣ በ2018 ኅዳር ደግሞ ማርበርግ የተባለው በሽታ በጂንካ ተገኙ። ሁለቱም የሚጀምሩት በትኩሳት ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጊዜ ከአሁኑ እንዲዘጋጁ የምመኛቸው ነገሮች ትንንሾችና የተጨበጡ ናቸው። ትኩሳት ያለበት ሰው ምን ያድርግ የሚለው መልእክት ሲረቀቅ የወባ ባለሙያ ከመጀመሪያው ቀን በጠረጴዛው ዙሪያ ይኑር፤ ወባማ ለሆኑ ወረዳዎችና ለደጋው አንድ ዓይነት ማስታወቂያ አይነገር። በየጤና ኬላው ከቤት ውጭ ምርመራ የሚደረግበት ጥላ፣ ጓንትና የፊት መሸፈኛ አስቀድሞ ይቀመጥ። የአጎበርና የመድኃኒት ዕደላ ቤት ለቤት የሚካሄድበት ዕቅድ ከነበጀቱ ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ ይደር። በጸጥታ ችግር ሪፖርት ለማይደርስባቸው ቀበሌዎች ደግሞ ቁጥሩን በአጭር የስልክ መልእክት ወይም በገበያ ቀን በሚመጣ ሰው እጅ በጽሑፍ መቀበል እንዲፈቀድ እፈልጋለሁ፤ ዛሬ በእኛ ዞን ከሰንጠረዡ ላይ ባዶ የቀሩት ሳምንታት ወባ ያልነበረባቸው ሳምንታት ተብለው እንዳይነበቡ እሰጋለሁና።